ከምዕራፍ አራት የወጡት ሰው

የደራው ሚኒባስ ከአዳማ መናኸሪያ ሳይነሳ አርባ ደቂቃ ፀሐይ ላይ ቆመ። ረዳቱ «ደራ! ደራ! አንድ ሰው የቀረው!» እያለ አራት ሰው ጨመረ። ሀኒያ ከኋላ ወንበር ጥግ ተጣብቃ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛለች። ቦርሳው ውስጥ ጠዋት ያሳተመችው ሠላሳ አንድ ገጽ አለ፤ የመመረቂያ ጽሑፏ አራተኛ ምዕራፍ።

በሁለት ዓመት ማለቅ የነበረበት ሁለተኛ ዲግሪ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። ትምህርቱ ፍልስፍና ነው። ሰው ምን እንደምትማር ሲጠይቃት ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው የምትናገረው፤ ዝቅ በማለቱ ደግሞ ሁለት ጊዜ ትጠየቃለች።

ትምህርት ክፍሉ አንድ ደንብ አለው። ለጥናቱ ሰው ያነጋገረ ተማሪ የጻፈውን ለተናጋሪው መልሶ ማንበብ አለበት። አብዛኞቹ ተማሪዎች «ተነቧል» ብለው ፈርመው ያልፉታል። ሀኒያ እንዲያ ማለፍ አልሆነላትም። መስከረም ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ በዚያ ሙቀት፣ ወደ ደራው ሽማግሌ ወደ ኦቦ ጫምሳ ለሰባተኛ ጊዜ የምትሄደው ለዚህ ነው።

ነገሩ የጀመረው በመጀመሪያው ዓመት ክፍል ውስጥ ነበር። አማካሪዋ ዶክተር ማናሴ ያን ዕለት መጽሐፍ አልያዙም። ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀምጠው በደከመ ድምፅ አስረዱ።

«አፍሪካ ነፃ ወጣች ሲባል ባንዲራው ተሰቀለ፣ ወንበሩ ሰው ለወጠ። አንድ ጥያቄ ግን ሳይነሳ አብሮ ቀረ። እናንተ ታስባላችሁ ወይ? የሚል። በቅኝ ግዛቱ ዘመን ሚሲዮናውያን መጥተው ይህ ሕዝብ እንዲህ ያስባል ብለው ጽፈውልን ነበር። ከነፃነት በኋላ የእኛዎቹ ምሁራን ደስ ብሏቸው እነሱም ቀጠሉበት፤ የእገሌ ብሔረሰብ ፍልስፍና እያሉ። ከዚያ ሌሎች ተቆጡ። ሕዝብ በአንድ አፍ አይበላም፣ በአንድ ጭንቅላትም አያስብም፤ ተረትና ምሳሌ ለቅሞ ፍልስፍና ማለት ራስን መናቅ ነው አሉ። ሦስተኞቹ ደግሞ ቴፕ ተሸክመው ገጠር ወረዱ። ሽማግሌውን አባቶች ምን አሉ ብለው ብቻ አልተዉትም። አንተስ ምን ትላለህ አሉት። ከአባቶቹ ተለይቶ በራሱ የሚቆም፣ ስም ያለው አንድ ሰው ካገኙ፣ በቃ፣ ፈላስፋ ተገኘ።»

ከኋላ አንድ ተማሪ «እኛስ ዶክተር? እኛ ቅኝ አልተገዛንም» አለ።

«አልተገዛንም ብለን ከክርክሩም ቀረን። ካሪኩለሙ ግን በዚያው ካርቶን ነው የመጣልን።»

ክፍሉ ሳቀ። ሀኒያ ደብተሯ ላይ አንዲት መስመር ጻፈች፦ አንተስ ምን ትላለህ?

ያችን ጥያቄ ይዛ ወለንጪቲ ሄደች፣ ሞጆ ሄደች፣ ደራ ሄደች። አሥራ አንድ ሽማግሌ አነጋገረች። ሁሉም «አባቶች እንዲህ ብለዋል» ይሏታል። «እርስዎስ?» ስትል የወለንጪቲው ተቆጡ። «እኔ ማነኝና?» አሉ። የሞጆው ሳቁና የማን ልጅ እንደሆነች፣ ያገባች መሆን አለመሆኗን ጠየቋት።

አሥራ አንደኛው ኦቦ ጫምሳ ነበሩ። በወጣትነታቸው ሸንኮራ አገዳ ሲቆርጡ ኖረው፣ ወገባቸው ሲደክም ደራ ዳር ትንሽ ማሳ ይዘው የተቀመጡ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው። ደም የፈሰሰበት ነገር ሲኖር ከሚጠሩት ሰባት ሽማግሌዎች አንዱ ናቸው። መጀመሪያ ቀን በኦሮምኛ ሰላም ስትላቸው ጨዋታዋን እስክትጨርስ ታግሰው ጠበቋት።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ» አሉ በአማርኛ፣ «የናዝሬት ኦሮምኛሽ ባጃጅ ነው። በየመታጠፊያው ይቆማል። ነይ፣ አንድ ጊዜ በአንዱ፣ አንድ ጊዜ በሌላው እንሂድ።»

ከሁሉም ነገር በላይ ያጫወቷት የሀሰንን ጉዳይ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ሀሰን ወላጆቹ ከወሎ መጥተው አዳማ የከተሙ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ከሞጆ ደረቅ ወደብ ኮንቴነር ጭኖ ወደ አሰላ ሲሄድ፣ ደራ መግቢያ ላይ፣ ጉተማ የሚባል ወጣት ገጭቶ ገደለ። ፍርድ ቤት የራሱን ፈረደ፤ ሀሰን ታስሮ ወጣ። ሲወጣ ግን የጉተማ ታላቅ ወንድም ጋዲሳ ሀሰን በደራ መንገድ እንዳያልፍ ማለ። ጋዲሳ የተማረ ነው፣ ወረዳው ግብርና ቢሮ ይሠራል፤ ቢሆንም ማለ። የአዳማ ሾፌር በደራ ካላለፈ ደግሞ ወደ አርሲ ሥራ የለውም። የሀሰን ዘመዶችም መቀየም ጀመሩ። ሽማግሌዎቹ ግራሩ ሥር አራት ቀን ተቀመጡ።

በአራተኛው ቀን ኦቦ ጫምሳ ተነሥተው ተናገሩ። «አባቶች እንዲህ ብለዋል። እጅ ያጎደለውን እጅ ይሙላው። የገደለ ሰው ሦስት አጨዳ የሟቹን እናት ማሳ በገዛ እጁ ይጨድ። ውሃ ሲጠማው ከእናትየዋ እጅ ይቀበል።»

ስድስቱ ሽማግሌዎች አንገታቸውን ነቀነቁ። ጋዲሳ «የአባቶች ሕግ ከሆነ እሺ» አለ። እናትየዋ ወይዘሮ ዲንቄ ተነሥተው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ሀሰን ያን ዓመት ኅዳር ላይ ማጭድ ገዝቶ መጣ።

ሀኒያ በአምስተኛ ጉዞዋ፣ የስልኳን መቅጃ ከፍታ፣ እንደ ልማዷ ጠየቀች። «እርስዎስ ምን ይላሉ ኦቦ ጫምሳ?»

ኦቦ ጫምሳ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

«የትኛው አባት እንዳለው ልንገርሽ? የትኛውም አላለውም። ሦስት ቀን በሬ እየነዳሁ ያሰብኩት ነው። ያላየሽውን ሰው መጥላት ቀላል ነው። ሀሰን በሌላ መንገድ ቢሄድ፣ ዲንቄ እስክትሞት ድረስ የማታየውን ሰው ትጠላለች፤ እሱም የማያያትን ሴት ይፈራል። ስለዚህ እንድታየው አደረግኩ። ሲያልበው፣ ሲጠማው ትየው። ውሃ የሰጠሽውን ሰው መጥላት ሥራ ይጠይቃል። አንድ ዓመት ትችያለሽ። ሦስት ዓመት ይደክምሻል። እኔ የቆጠርኩት በድካሟ ነው።»

«ስድስቱ ሽማግሌዎችስ?»

«እያንዳንዱ እኔ ባልሰማው ሌላው ሰምቶታል ብሎ ነቀነቀ።» ሳቁ። «እኔም ወጣት ሆኜ ስንቱን ነቅንቄያለሁ።»

ሀኒያ በመልሱ ሚኒባስ ላይ ቅጂውን በጆሮ ማዳመጫ ሁለት ጊዜ ሰማችው። በማግስቱ ዶክተር ማናሴ ሲሰሙት ከወንበራቸው ተነሥተው፣ ኮሪደሩ ላይ ማንም ሳይኖር፣ የቢሮአቸውን በር ዘጉ።

«ሀኒ፣ አገኘሽው» አሉ። «አየሽ፣ አባቶችን እንደ ጋቢ ለብሷቸዋል። ከሥር ግን አንድ ሰው አለ። ምክንያት ያለው፣ ስም ያለው።» መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። ዶክተር ማናሴ አንድ ጽሑፍ ካሳተሙ አሥራ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ርዕሱም መልስ ያላገኙለት ጥያቄ ነበር። «ትምህርት ክፍሉ አንድ የረዳት መምህር ቦታ አለው። ይህ ምዕራፍ ካለ ማንም አይነጥቅሽም።»

*

ኦቦ ጫምሳ ግቢያቸው ውስጥ የኒም ዛፍ ጥላ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አዳመጡ። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነው፤ ሀኒያ እየተረጎመች፣ ሲያቅታት እየቆመች አነበበች። ስለ ማሳው፣ ስለ ሰባቱ ሽማግሌዎች፣ ስለ ውሃው ሲሰሙ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ገጽ ዘጠኝ ላይ ደረሰች።

«ይህ ውሳኔ በአባቶች ሕግ ውስጥ የለም። ያመነጩት ኦቦ ጫምሳ ራሳቸው ናቸው፤ ተቀባይነት እንዲያገኝ ግን በአባቶች ስም አቀረቡት…»

እጃቸውን አነሡ። ሀኒያ ቆመች።

«ስሜን ጽፈሻል።»

«ፈቅደውልኝ ነበር። ቅጹ ላይ ስም እንዲጠቀስ ይፈቅዳሉ ወይ የሚለውን አንብቤልዎት ነበር። ፈርመዋል።»

«ፈርሜያለሁ። ቀበሌም ስሄድ እፈርማለሁ። ስብሰባ ላይ ስም የሚጻፈው መገኘታችን እንዲታወቅ ነው። ጫምሳ ነበረ፣ ቁጭ ብሎ ሰምቷል ለማለት። እኔም አንቺ ጋ ቁጭ ብዬ ነበርና ይጻፍ አልኩ። ነገሩን ጫምሳ ወለደው ብለሽ እንደምትጽፊ በምን ልወቅ?»

ሀኒያ ወረቀቱን አጠፈች። ሙቀቱ ከቆርቆሮው እየተመለሰ ፊቷን ይመታታል። ቅጹን ያነበበችው እሷ ናት። እንደ ልማዷ ቶሎ ቶሎ፣ አፍራ ነበር ያነበበችው።

«ይህን ማን ያነበዋል?»

«ቤተ መጻሕፍት ይቀመጣል። ዩኒቨርሲቲው ድረ ገጹ ላይም ይጭነዋል። ብዙ ሰው አያነበውም ኦቦ ጫምሳ። እውነቴን ነው፣ ማንም አያነበውም።»

«ጋዲሳ ስልክ አለው» አሉ። «እንግሊዝኛም ያነባል። ያን ቀን እሺ ያለው ለእኔ አይደለም። እኔማ ቢሮው እየሄድኩ የከብቴን በሽታ የምጠይቀው ሽማግሌ ነኝ። ለአባቶች ነው እሺ ያለው። ኅዳር ላይ ሦስተኛው አጨዳ ነው። ጫምሳ አታሎናል ካለ ሀሰን ማጭዱን ይዞ የት ይቆማል?»

«ከአጨዳው በኋላ ቢወጣስ? ሁለት ወር ላዘገየው እችላለሁ።»

«ከአጨዳው በኋላ ሀሰን በዚህ መንገድ ዕድሜውን ሙሉ ነው የሚያልፈው። ሌላም ደም ይመጣል፤ አይቀርም። በዚያው አፌ ነው የምቀመጠው።» ከደረቀው መሬት ጠጠር አንሥተው መልሰው ጣሉት። «አንድ ሰው ያሰበውን ሌላ አንድ ሰው ያፈርሰዋል፣ ልጄ። አባቶችን ማን ያፈርሳቸዋል? ሞተዋል።»

ሀኒያ የታጠፈውን ወረቀት አየች። ይህን የመሰለ መከራከሪያ በጻፈችው ሠላሳ አንድ ገጽ ውስጥ የለም።

«አውጪው አልልሽም» አሉ ኦቦ ጫምሳ። «ፈርሜያለሁ። ሰባት ጊዜ መጥተሻል፣ መንገዱን አውቀዋለሁ፣ ያደክማል። እንደ ወደድሽ አድርጊ።»

ተነሥታ ቦርሳዋን ስትይዝ ጠሯት።

«ያችን ቦታ ድገሚያት እስቲ።»

«የትኛዋን?»

«ስሜ ያለባትን።»

ሀኒያ ቆማ አነበበች። ያመነጩት ኦቦ ጫምሳ ራሳቸው ናቸው። ሽማግሌው ወደ ማሳው እያዩ ሰሙ። ፊታቸው ላይ ምንም አልተለወጠም፤ ባርኔጣቸውን ብቻ አስተካክለው አደረጉ።

«በቃ» አሉ። «ሰማሁት። ሂጂ፣ መኪና ያመልጥሻል።»

*

ዶክተር ማናሴ ታሪኩን ሁሉ ሰሙ። መብራት ጠፍቶ ማራገቢያው ቆሟል። በመስኮቱ የሚገባው የአዳማ ነፋስ ጠረጴዛቸው ላይ አቧራ ይጥላል፤ እሳቸው በእጃቸው ጠርገው ይጥላሉ፣ ነፋሱ መልሶ ያመጣል።

«ስሙን ደብቂው። አንድ የደራ ሽማግሌ በይ።»

«እንደዚያ ካልኩ ጽሑፌ የሚከራከረው ነገር ይጠፋል ዶክተር። እርስዎ ራስዎ…»

«አውቃለሁ ምን እንዳልኩ። አንድ የግሪክ ሽማግሌ እንዲህ አሉ ብሎ የጠቀሰ ሰው አለ ወይ ብያለሁ።» ተነፈሱ። «ስም የሌለው ፈላስፋ የለም። ስሙን ከደበቅሽ ወደ ሚሲዮናውያኑ ተመለስን። ያ ሕዝብ እንዲህ ያስባል።»

«ሰባት ሽማግሌ ነው ያለው። ጉዳዩን ከጻፍኩት ስሙን ባልጠራውም ጋዲሳ ያውቀዋል።»

«ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?»

«አላውቅም።»

«ሀኒ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ሥልሳ ዓመት ሙሉ ከናይሮቢ እስከ አክራ ሰው ሲፈልገው የኖረ ዓይነት ሰው ነው እጅሽ ላይ ያለው። ይህ ስለ አንድ ማሳ ጤፍ አይደለም።»

ሀኒያ ወለሉን አየች። ልትናገር ስትል ድምጿ አልወጣም፤ ሁለተኛ ሞከረች።

«ለእሳቸው ስለ አንድ ማሳ ጤፍ ነው።»

ዶክተር ማናሴ ጠረጴዛውን እንደገና ጠረጉ።

*

ሁለት ሳምንት እናቷ ሱቅ ውስጥ፣ በጨርቅ ጥቅሎች መካከል ላፕቶፗን ይዛ ተቀመጠች። እናቷ ፋዲላ ገበያ ውስጥ የመጋረጃና የድሪያ ጨርቅ ትሸጣለች። ደንበኛ በሌለ ጊዜ ልጇን ከጎን ታያታለች።

«አላለቀም?»

«አልቆ ነበር።»

«ይሄ ፍልስፍና የወገብ በሽታ ነው። ዳነ ሲሉት ይነሳል።» ሜትሯን አጣጥፋ አስቀመጠች። «ሥራው ግን ይገኛል አይደል? ያልሽኝ ቦታ?»

«እናያለን እማ።»

«እናያለን ካልሽ የለም ማለት ነው። ወልጄሻለሁ እኮ።»

ሀኒያ በዘጠነኛው ቀን ምዕራፍ አራትን ከፋይሉ አወጣችው። ለማውጣት ብዙ ጊዜ አልፈጀም። የፈጀው የቀረውን መስፋት ነበር፤ አምስት የነበረውን አራት ማድረግ፣ ከመግቢያው ተስፋ የሚሰጡትን ዐረፍተ ነገሮች መቀነስ፣ ከመደምደሚያው «ስለዚህ» የሚለውን መፋቅ። የቀረው ጽሑፍ አሥራ አንድ ሽማግሌዎች «አባቶች እንዲህ ብለዋል» እንዳሉ ይናገራል። ከሽማግሌዎቹ ዝርዝር ውስጥ ኦቦ ጫምሳ በአሥራ አንደኛ ተራ ቁጥር ላይ አሉ፤ ዕድሜ፣ ቦታ፣ ቀን። ስብሰባ ላይ እንደሚጻፍ።

ቅጂውን ከስልኳ ከማጥፋቷ በፊት አንድ ጊዜ ልትሰማው ከፈተችው። «ያላየሽውን ሰው መጥላት ቀላል ነው» የሚለው ጋ ሲደርስ አንዲት ደንበኛ ገብታ የመጋረጃ ዋጋ ጠየቀች። ሀኒያ ዘጋችው። ከዚያ በኋላ አልከፈተችውም፤ አጠፋችው።

*

የመመረቂያ ጽሑፏ መከላከያ ቀን ጥቅምት ሃያ ስምንት ሆነ። ከአዲስ አበባ የመጡት የውጭ ፈታኝ ዶክተር ሌንሳ መንገድ ተዘግቶባቸው አርፍደው ደረሱ፤ ቢሆንም ጽሑፉን በጥንቃቄ አንብበው ነበር። በየገጹ በእርሳስ ጽፈዋል።

«ንጹሕ ሥራ ነው» አሉ። «ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል። መግቢያሽ ትልቅ ጥያቄ ይጠይቃል። ሕዝብ ሳይሆን ሰው ያስባል ወይ ይላል። ከዚያ አሥራ አንድ ሰው ታነጋግሪያለሽ፣ አሥራ አንዱም አባቶች እንዲህ ብለዋል ይላሉ። አንድም ሰው እኔ እንዲህ አስባለሁ አላለሽም?»

ክፍሉ ውስጥ አምስት ሰው ነበር። ዶክተር ማናሴ በጎን ተቀምጠው እጃቸውን አጣምረዋል። ቅጂውን የሰማ ከእሷ ሌላ እሳቸው ብቻ ናቸው።

«አላለኝም» አለች ሀኒያ።

«ይቅርታ፣ አልሰማሁሽም።»

«አላገኘሁም።» በሁለተኛው ጊዜ ድምጿ ከወትሮው ጠንከር አለ።

ዶክተር ሌንሳ እርሳሳቸውን አንሥተው ገጹ ላይ ጻፉ። ዶክተር ማናሴ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ መጥረግ ጀመሩ። ብዙ ጊዜ ጠረጉት።

ውጤቱ «ጥሩ» ሆነ። የረዳት መምህርነቱን ቦታ ኢፍቱ የምትባል የክፍል ጓደኛዋ አገኘች፤ ኢፍቱ ጎበዝ ናት፣ ሀኒያ ልትቀየማት አልቻለችም። ኮሪደሩ ላይ ዶክተር ማናሴ አገኟት።

«ያንን ሰው አሥራ ስድስት ዓመት ጠብቄዋለሁ» አሉ። ቁጣ የለበትም፤ አውቶቡስ ያመለጠው ሰው ድምፅ ነው። «ዛሬ ፊት ለፊቴ የለም ተባለ።»

«አሉ ዶክተር።»

«የት?»

«ደራ። የገበያ ቀን ብቻ አይገኙም።»

ዶክተር ማናሴ ፈገግ ለማለት ሞከሩ። ከዚያ ትከሻዋን መታ መታ አድርገው ወደ ቢሮአቸው ሄዱ።

*

ኅዳር አጋማሽ ላይ ሀኒያ ስምንተኛ ጊዜ ደራ ሄደች። የሚያስኬዳት የትምህርት ክፍል ደንብ አልነበረም። የእናቷን ጨርቅ ለደንበኛ ላስረክብ ነው ብላ ወጣች፤ ጨርቁንም አስረከበች።

የወይዘሮ ዲንቄ ማሳ ከአስፋልቱ ማዶ ነው። ጤፉ ግማሹ ታጭዷል። ሀሰን ጎንበስ ብሎ፣ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ፣ በዝግታ ይጨዳል፤ የሾፌር ወገብ ነው፣ በየጥቂቱ ቀና ይላል። ኦቦ ጫምሳ ግራሩ ሥር ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ ደፍተው ጋደም ብለዋል። ሽማግሌ ሆነው አጨዳውን ሊያዩ የመጡ ቢሆንም የሚያዩ አይመስሉም።

ወይዘሮ ዲንቄ ጀሪካንና ኩባያ ይዘው መጡ። ሀኒያ ከኦቦ ጫምሳ እንደሰማችው በመጀመሪያው ዓመት ኩባያውን መሬት ላይ አስቀምጠውለት ሄደው ነበር፤ በሁለተኛው ፊታቸውን አዙረው ነው የሰጡት። አሁን ቀድተው ሰጡትና እስኪጨርስ ቆመው ጠበቁ።

«ሦስት ዓመት ሙሉ ነዶ ማሰር ይለመዳል እኮ» አሉ። «እየው ይሄን። ነፋስ ቢመጣ ዝዋይ ነው የምናገኘው።»

«እጄ መሪ ነው የለመደው እማማ።»

«መሪውንስ መቼ ለመደው» አሉ።

ሀሰን ኩባያውን እንደያዘ ቀረ። ወይዘሮ ዲንቄም የተናገሩት ከአፋቸው ሲወጣ የሰሙት ይመስል ቆሙ። ከዚያ ኩባያውን ከእጁ ወስደው እንደገና ሞልተው ሰጡት፤ ጎንበስ ብለውም የላላውን ነዶ ራሳቸው አሰሩት።

ጋዲሳ ሞተር ሳይክሉን መንገዱ አፍ ላይ አቁሞ ከወዲያ ይመለከት ነበር። ሀኒያን ሲያይ መጣ። ቀጭን፣ ሸሚዙን በደንብ የተኮሰ፣ የደከመው ሰው ነው።

«ከዩኒቨርሲቲ የምትመጪው አንቺ ነሽ?»

«አዎ።»

«ጽሑፍሽን አነበብኩት። ባለፈው ሳምንት ነው የጫኑት። ሙሉውን አነበብኩት።»

ሙሉውን ያነበበ ከፈታኞቿ ሌላ እሱ የመጀመሪያው ሰው ነው።

«የፈለግኩት ነገር ነበር» አለ ጋዲሳ። «ይህ የሦስት አጨዳ ሕግ። ኢተያ ጠይቄያለሁ፣ አሰላ ጠይቄያለሁ። ማንም አልሰማውም። አንቺ ጋ ይኖራል ብዬ ነበር። አሥራ አንድ ሽማግሌ አነጋግሬያለሁ ትያለሽ፤ ኦቦ ጫምሳም ዝርዝሩ ላይ አሉ። ይህ ግን የለም።»

«ሁሉም አልገባም።»

«ሕጉ ከማን መጣ?»

ከግራሩ ሥር ምንም ድምፅ የለም። ሀኒያ ጋዲሳን አየችው፤ ዓይኑን ከዓይኗ አላነሳም። ማወቅ የፈለገ ነው ወይስ አለማወቅ የፈለገ፣ መለየት አልቻለችም።

«ከአባቶች» አለች።

«የትኞቹን ሄጄ ልጠይቅ?»

«ሞተዋል።»

ጋዲሳ ወደ ማሳው አየ፤ እናቱ ነዶውን እያሳዩ፣ ሀሰን ጎንበስ ብሎ እያየ ነው። ከዚያ ወደ ግራሩ፣ ፊት ላይ ወደ ተደፋው ባርኔጣ አየ።

«መሞታቸው ጥሩ ነው» አለ ቀስ ብሎ።

«ጋዲሳ!» ወይዘሮ ዲንቄ ጮኹ። «ያን ሞተርህን ከመንገዱ አንሳልኝ፣ ነዶ ሊያልፍ ነው!»

ሄዶ አነሳው።

ሀኒያ ወደ ግራሩ መጥታ ቆመች። ባርኔጣው ሳይነሳ ከሥሩ ድምፅ መጣ።

«ምን አለሽ?»

«አባቶችን ጠየቀኝ።»

«ምን አልሽው?»

«ሞተዋል አልኩት።»

የኦቦ ጫምሳ ሆድ ሁለት ጊዜ ከፍ ዝቅ አለ፤ ሳቅ ይሁን ትንፋሽ አልታወቀም።

«ደግ አደረግሽ» አሉ። «ወረቀትሽስ?»

«አለቀ።»

«ሥራውን ሰጡሽ?»

«ለሌላ ሰጡት።»

ባርኔጣቸውን አንሥተው አዩዋት፣ መልሰው ደፉት። ከጎናቸው ያለውን መሬት በመዳፋቸው ጠረጉላት።

«ተቀመጪ እንግዲህ» አሉ። «እኔም ደክሞኛል።»

ተቀመጠች። ከአስፋልቱ በኩል ረዳቱ «አዳማ! አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ይጣራል። መኪናው እስኪነሳ ገና እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ።